በቤተ ልሔሙ ግድግዳ ሥር የቆፈርኩት ጉድጓድ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ቅስና ልቀበል በቀረብኩ ጊዜ «የቀረህ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ «የለም አባቴ» ብዬ መስቀል የተሳለምኩ ሰው ነኝ። ዛሬ እኔ ራሴ የሰው ኃጢአት እሰማለሁ። ሰዎች ከፊቴ ተንበርክከው የጎረቤታቸውን ድንበር ስለ መግፋታቸው፣ እናታቸው ላይ ስለ መጮኻቸው ያለቅሳሉ። እኔም ስገዱ፣ ጹሙ እላለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን እበላለሁ። ይህ ምን ዓይነት ሰው ነው ብትሉ አልቀየማችሁም፤ እኔም እሱኑ ነው የምጠይቀው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንዲት ትንሽ ውሻ ነው። ለውሻ ይህን ያህል? የሚል አይጠፋም። እስኪ ጨርሶ ይስማኝና ከዚያ ይፍረድ።

በደሉን የፈጸምኩት በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ አንድ ደብር ነው። የደብሩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የደብሩ አይደለም። እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ለትምህርት ሄጄ፣ ዲያቆን ሆኜ እዚያው ቀረሁ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አብረውኝ የተማሩት አንድ በአንድ ወደ ከተማ ወርደው አልቀው ነበር። ከሰባቱ የተማሪ ጎጆዎች ስድስቱ ባዶ ሆነው ጣሪያቸው መዝቀጥ ጀምሯል፤ በሰባተኛዋ ብቻዬን እኖር ነበር። ክረምት ጉሙ ሲወርድ ከሰው ጋር አንድ ቃል ሳልለዋወጥ ቀኑ ይመሻል። ብቸኝነቴን ለማመካኛ አላቀርበውም፤ ከእኔ የባሰ ብቸኛ የነበረ ሰው ሃምሳ እርምጃ ርቆኝ ይኖር ነበርና።

ያ ሰው እማሆይ ትብለጽ ናቸው። ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ቀብረው የመነኮሱ፣ ከቅጽሩ በር ውጪ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቤት የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው። ለመሥዋዕት የሚሆነውን ስንዴ ይለቅማሉ፣ ያጥባሉ፣ በእጅ ወፍጮ ይፈጫሉ። ከዚያ ዱቄቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው እስከ በሩ ድረስ ያመጡልናል፤ እኛ ዲያቆናቱ ተቀብለን በቅጽሩ ውስጥ ባለችው ቤተ ልሔም አቡክተን እንጋግራለን። ከእሳቸው እጅ ካልሆነ የዚያ ደብር ቅዳሴ አይቀደስም ነበር ማለት ይቻላል። «ሞት የረሳኝ ለዚች ስንዴ ብሎ ነው» ይሉ ነበር፤ ሲሉትም ፊታቸው ይበራል።

ውሻዋን ያመጣላቸው የእኅታቸው ልጅ ነው። በመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ነበር፤ መሐንዲሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ሲሄድ ውሻዋን ትቷት ሄደ፤ ልጁም በዘንቢል ይዟት መጣ። ቁመቷ ከጉልበት በታች፣ ጠጉሯ እንደ ሽቦ የሻከረ፣ ነጭ ሆና አንድ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ፣ ከአገጯ ሥር ጺም ያላት። የአገሩ ሰው ጺሟን አይቶ «የእማሆይ አባ መነኩሴ» እያለ ሳቀባት። እሳቸው ግን ለአፍታ አርፋ አለመቀመጧን አይተው፣ ምጣድ ላይ እንደሚፈናጠር እህል ናት ብለው ሽምብራ አሏት። ዘሯ ቴሪየር እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የንስሐ ልጄ ስልክ ላይ መሳይዋን ሲያሳየኝ ነው። ስልኩን መለስኩለትና ራሴን አሞኛል ብዬ ተነሣሁ።

አይጥ የነካው ስንዴ ለመሥዋዕት አይሆንም። ሽምብራ ከመምጣቷ በፊት እማሆይ ከጎታቸው ሥር የአይጥ ኩስ ባዩ ቁጥር ስንዴውን እያለቀሱ ለዶሮ ይሰጡት ነበር። እሷ ከመጣች በኋላ በዚያች ቤት አይጥ የሚባል ነገር ጠፋ። ገበሬውም ነገሩን ሰማ። በገብሱ ማሳ ፍልፈል አፈር እየፈነቀለ ሲያስቸግረው «እማሆይ፣ ሽምብራን ለዛሬ ያውሱን» እያለ ደጃቸው መምጣት ጀመረ። እሷም አፈሩን በሁለት እግሯ ወደ ኋላ እየረጨች እስከ ወገቧ ትቀበርና ፍልፈሉን ይዛ ትወጣለች። ማታ መልሰው ሲያመጧት ሰዎቹ ቁጭ ብለው ይጨዋወታሉ። ዓመት ሙሉ «እንዴት አደሩ» የሚላቸው ያልነበረ አሮጊት፣ በአንዲት ውሻ ምክንያት ሰው ያላቸው ሆኑ።

ለእኔም ቢሆን ከጎጆዬ ስወጣ የምትጠብቀኝ ፍጡር እሷ ብቻ ነበረች። እንጨት እወረውርላታለሁ፣ ታመጣልኛለች። የቅጽሩ በር ላይ ስደርስ እማሆይ «እዚያው!» ብለው አስተምረዋት ስለ ነበር ከበሩ ድንጋይ አትዘልም፤ እስክመለስ እየተቁነጠነጠች ትቀመጣለች። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልግባ።

ፍልሰታ ነበር። በጾሙ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ስለሆነ ሊጡ ጠዋት ይቦካል። የዚያን ሳምንት ሰሞነኛ እኔ ነበርኩ። ብርዱ ስለ ጠናብኝ ሊጡ ቶሎ እንዲነሣ ዕቃውን ወደ እሳቱ አስጠጋሁት። ከዚያ ስልኬ በኪሴ ነዘረ። ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ማለት ነው፣ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ስልክ ይዤ ቤተ ልሔም ስገባ አግኝተውኝ «ሁለተኛ ባይህ እቃህን ጠቅልለህ ወደ እስቴህ ነው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ወጣሁ። ድምፅ በደንብ የሚሰማው ከደብሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። የደወለው ከእኔ ጋር ተምሮ ባሕር ዳር የገባው ጓደኛዬ ነበር። ስለ ከተማው አወራኝ፣ ስለ ሥራው አወራኝ፣ አሳቀኝ። ስንት ሰዓት እንደ ቆየሁ አላውቅም። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የሰማሁት የሰው ሳቅ ነበርና ሳቁን መተው አቃተኝ።

ስመለስ ሊጡ ገንፍሎ ከዕቃው ወጥቶ ግማሹ አመድ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ ወርዷል። መሬት የነካ ሊጥ ለመሥዋዕት አይሆንም።

ያኔ ምን ማድረግ እችል ነበር? እማሆይ ደጃፍ ሄጄ «እማሆይ፣ አጠፋሁ፣ ሌላ ዱቄት ይስጡኝ» ማለት እችል ነበር። ይሰጡኝ ነበር። ቅዳሴው ይዘገይ ነበር፣ ቄሰ ገበዙ ይቆጡ ነበር፣ ምናልባት ያባርሩኝ ነበር። ቢያባርሩኝስ? እስቴ እኮ የእናቴ ቤት አለ! ይህን ግን ያኔ አላሰብኩም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በአካባቢው መቆፈር የምታውቅ ውሻ አለች።

ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ዞርኩ። ተንበረከክሁ። በሁለት እጄ የራሰውን አፈር ከግድግዳው ሥር ዛቅሁ። ጭቃውን እንደ እሷ ወደ ኋላዬ በተንኩት። አንድ ትንሽ ውሻ የሚያሾልክ ጉድጓድ እስኪሆን ቆፈርኩ። እኔ ነኝ የቆፈርኩት። ዲያቆን ነበርኩ፣ ጾመኛ ነበርኩ፣ በዚያው እጄ ሊጥ ያቦካሁ ነበርኩ፣ በዚያው እጄ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። እጄን በዝናቡ ታጠብኩና ጮኽሁ።

ሰው ተሰበሰበ። «ውኃ ልቀዳ ወርጄ ስመለስ ከሊጡ ላይ አገኘኋት፤ ባባርራት በቆፈረችው ሾልካ ወጣች» አልኩ። ቄሰ ገበዙ ጉድጓዱን አዩት። ሁሉም አየው። የሽምብራን ቁፋሮ በየማሳቸው የሚያውቁ ገበሬዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

እማሆይ ትብለጽ በሰው መሐል እየተጋፉ መጡ።

«ሽምብራ ቅጽሩን አትረግጥም» አሉ። «ከድንጋዩ አልፋ አታውቅም። ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ታውቋት የለም እንዴ!»

«እማሆይ፣ ጉድጓዱ ይኸው» አሏቸው ቄሰ ገበዙ።

ቤተ ልሔሙ ረከሰ ተብሎ የዚያን ቀን ቅዳሴ ቀረ። ሊቆርቡ የመጡ አሮጊቶችና ሕፃናት ያዘሉ እናቶች በዝናብ እየተመለሱ ሳይ በጓሮ በኩል ወደ ጎጆዬ ገባሁ። ቤተ ልሔሙ ጸበል ተረጨ። ከዚያ ቄሰ ገበዙ ፈረዱ። ውሻዋ ከአገሩ ትውጣ፤ እማሆይ አርባ ቀን ይስገዱ፤ ከእንግዲህም ስንዴውን እንዳይነኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ያመኑት የዓይን ምስክርን ነው፤ ምስክሩ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ እማሆይ ጎጆዬ ደጃፍ መጡ። አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ በዓይንህ አየሃት?»

«አየኋት፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ አንተ ካየህ ምን እላለሁ። ዓይኔም ደክሟል፣ እሷም አውሬ ናት። መሥዋዕቱን ያስረከስኩብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ» ብለው ወደ እግሬ ጎንበስ አሉ። እኔን ነው። እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? «እግዚአብሔር ይፍታዎት» አልኩ።

ውሻዋን ወጣቶቹ በድንጋይ ሊገድሏት እንዳሰቡ እማሆይ ሲሰሙ ሽምብራን ይዘው በራቸውን ዘጉ። እኔ ከወንዙ ማዶ ስማዳ ወስጄ ለሰው ልስጣት አልኩ። ደግ ሰው ለመምሰል ይሁን ወይስ ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ፣ ዛሬም አላውቀውም። እማሆይ ዳቦ ቋጠሩልኝ። ሽምብራን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲያስገቧት ጺሟን እየደባበሱ «ነጎድጓድ ትፈራለች። ውጪ አታሳድሯት በልልኝ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

እስከ ወንዙ ቁልቁለቱን ወረድኩ። የነሐሴ ወንዝ ሞልቶ ይጮኻል፤ ማንም አይሻገረውም። ይህንንም ከቤቴ ስነሣ ማወቅ ነበረብኝ። ውሻዋን ይዤ ብመለስ ወጣቶቹ ይገድሏታል፤ እማሆይም ያዩታል። ከከረጢቱ አወጣኋት። ሂጂ አልኳት፣ አልሄደችም። ድንጋይ አንሥቼ ወረወርኩባት። ሮጣ ድንጋዩን በአፏ ይዛ መጣችና እግሬ ሥር አስቀመጠችው። ደግሜ ወረወርኩ። ደግማ አመጣችው። በሦስተኛው ጎኗን መታኋት፤ ጮኸች፣ ወደቀች፣ ተነሣች፣ እያነከሰች ያንኑ ድንጋይ ይዛ መጣች። ጨዋታ መስሏታል። እኔ የማውቃት በጨዋታ ነበር፣ እሷም እኔን በጨዋታ እንጂ በሌላ አታውቀኝም።

መታጠቂያዬን ፈትቼ ከወንዙ ዳር ካለ የወይራ ግንድ ጋር አሰርኳት። እዚያ ጅብ እንደሚበዛ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው ይህን የምጽፈው። ዘወር ብዬ ዳገቱን ወጣሁ፤ ስወጣ ስትጮኽ ይሰማኛል፤ ጉሙ መሐል ስገባም ይሰማኛል። ከላይ ስደርስ ነጎድጓድ ጀመረ።

ለእማሆይ ስማዳ ተሻግሬ ታከለ ለሚባል ገበሬ ሰጠኋት አልኳቸው። «ወንዙስ?» አሉኝ። ሰዎች በገመድ አሻገሩኝ አልኩ። ታከለ ጎታው ብዙ፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ዓርብ ዓርብ ገበያ ይመጣል አልኩ። ውሸት ሲጀምሩት ልክ የለውም፤ ሰውየውን ሚስትና አራት ልጆች ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ለመጻፍ እጄ እምቢ የሚለኝ። እማሆይ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ገበያ ስወጣ አንዲት ትንሽ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ይሰጡኛል። «ለታከለ ስጠው፣ ለሽምብራ እንዲያበላልኝ» ይላሉ። ስመለስ ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «ደኅና ናት?» እኔም ደኅና ናት እላለሁ። ወለደች አልኩ አንድ ጊዜ። ስንት ወለደች አሉኝ። አራት አልኩ። እንደ ልጅ ሳቁ። ዳቦውን የት ታደርገዋለህ አትሉኝም? እበላው ነበር። መንገድ ላይ ተቀምጬ፣ እሳቸው ከቁርሳቸው ቀንሰው የጋገሩትን ዳቦ፣ እኔ የገደልኳትን ውሻ ስንቅ፣ ሁለት ዓመት በላሁ።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቤታቸው ጭር አለ። ሽምብራን የሚዋስ ስለሌለ የሚመጣ ሰው የለም፤ መሥዋዕት አረከሱ የተባሉ መነኩሲት ደጅም ማንም አይቀመጥም። ስንዴውን ሌላ ሴት ትፈጨው ጀመር። እማሆይ በቅዳሴ ሰዓት ከሴቶች በር ርቀው፣ ከዛፍ ሥር ለብቻቸው ይቆማሉ። አርባው ቀን ካለቀም በኋላ ስግደቱን አላቆሙም። አንድ ቃሌ ብቻ ይበቃቸው ነበር። አንድ ቃል! በየቀኑ አጠገባቸው አልፍ ነበር፣ ዕጣን ይዤ፣ ነጭ ለብሼ። ቃሉን አላወጣሁትም።

በሦስተኛው ዓመት ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ በራቸው ተዘግቶ አገኘሁት። ጎረቤት የሆነ ገበሬ «እማሆይ ውሻቸውን ሊያዩ ስማዳ ወርደዋል፣ የታከለን ቤት ጠይቄ አገኛለሁ ብለዋል» አለኝ። የሚያገኙት ቤት የለም፤ ያ ሰው አልተፈጠረም። አምስት ቀን መንገዱን ጠበቅሁ። ሲመለሱ ምን እንደምል አጠናሁ። ታከለ አገር ለቋል ልበል? ሞቷል ልበል? ለእውነቱ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ግን አንድም አላጠናሁም።

በስድስተኛው ቀን በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ እግራቸው አብጦ መጡ። እኔ ከቅጽሩ በር ላይ ቆሜያለሁ። ፊቴን ብዙ አዩት። እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

«አገኘኋት» አሉኝ።

«እ... እማሆይ?»

«ታከለን አገኘሁት፣ ደግ ሰው ነው። ሽምብራም ደኅና ናት፣ ወፍራለች። አወቀችኝ።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «እንግዲህ ስንቋን አትሸከምልኝ፣ ልጄ። እዚያ ጠግባለች።»

የሌለ ሰው ቤት ደርሰው ተመለሱ። አይተዋል፣ ገብቷቸዋል፣ ዳቦው የት እንደገባ፣ ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረ፣ ሁሉን። መንገድ ሙሉ አስበውበት የመጡት አንድ ነገር ነው፤ እኔ እንዳላፍር። በሕይወታቸው የዋሹት ውሸት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ የዋሹትም ለእኔ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? በዚያች ሰዓት እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ሰው ብጠራ፣ ብጮኽ፣ ስንዴያቸው ይመለስላቸው ነበር። «ተመስገን» አልኩ። ተመስገን ብዬ ዕቃዬን አንሥቼ ወደ ቤተ ልሔሙ ገባሁ። ውሸታቸውን እንደ ፈቃድ ወሰድኩት። በዓመቱ ከደብሩ የምስክር ደብዳቤ ተቀብዬ ወጣሁ፣ አገባሁ፣ ቀሰስኩ።

እማሆይ ትብለጽ የሞቱት እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ዓመት ነው ይላሉ። የቀበራቸው ሰው ጥቂት ነበር አሉ። የነገረኝ ሰው ነገሩን እንደ ወሬ አድርጎ «ያቺ ውሻዋ መሥዋዕት ያረከሰችባት መነኩሲት ሞተች» ነው ያለኝ። ያን ሁሉ ዓመት የኖሩት ተረስቶ ስማቸው የእኔ ውሸት ሆኖ ቀረ።

ይቅር በሉኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ይቅርታውን እሳቸው ሰጥተውኛል፤ እኔ የበደልኩት ከዚያ በኋላም ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ አንድ ዓመት ልጅ አይደለም። ብቸኛ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነበር ማለት እውነት ነው፣ ግን ፍርሃቱ ያለፈው በአንድ ጠዋት ነው፤ ዝምታዬ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው።

ሦስት ጊዜ ወደዚያ ደብር ልሄድ አሁን ከምኖርባት ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቻለሁ። አንድ ጊዜ አውቶቡሱ ሳይንቀሳቀስ ወረድኩ። አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው አርብ ገበያ ገባሁ፣ ገበያውን አየሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። ስለዚህ በእግሬ መታመን ትቼ ጻፍኩት። አንዱን ግልባጭ ለቄሰ ገበዙ ልኬዋለሁ፤ አርጅተዋል ግን አሉ። ክህነቴን ቢወስዱት ይገባቸዋል። የለመንኳቸው አንድ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ፍልሰታ፣ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን በዐውደ ምሕረቱ ቆመው ይህን እንዲያነቡልኝ። ውሻዋ ከድንጋዩ አላለፈችም። እማሆይ ትብለጽ እስከ መጨረሻዋ ቀን ያመጡልን ዱቄት ንጹሕ ነበር።